ለቢሽቱ ትከሻ የሚሆን ፈትል

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
ነሐሴ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ከሚሪያ፤

ሰላምታዬ በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በናፍቆቱ ይለካልኝ። ከእኔ ክፍል እስከ እርስዎ ደጅ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ክርስቲያን መካ አይገባምና ለእኔ ግን ከኮምቦልቻ ይርቃል። ጾሙን በሰላም ፈትተው ዒዱን ከሐሩንና ከልጅ ልጆችዎ ጋር በደስታ እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሙቀቱና የወረቀቱ ነገር ባይኖር።

በዒድ ዕለት ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ሐሩን አነሳና መጀመሪያ "ተኝታለች"፣ ቀጥሎ "ዱዓ ላይ ናት"፣ በመጨረሻም "ጆሮዋ ደክሟል፣ በስልክ አትሰማም" አለኝ። አምና ከሦስተኛ ፎቅ የወረደ የጎረቤት ሐሜት ሰምተው ያወሩልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለማንኛውም ልጅዎ ሰኞና ሐሙስ ለሥራ ጅዳ ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤና አንድ ከረጢት የበግ ጠጉር በእጁ ሰድጃለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ያስመጣኝ የልብስ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ኢቃማዬ፣ ያው የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሌለ ድርጅት ስም ተንጠልጥሏል። አሁን የምሠራው አቡ ጠላል ከሚባል የአሮጌ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ካባና የድንኳን ጨርቅ እጠግናለሁ። መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት 24 ያበቃል። ከዚያ በፊት ወረቀቴ ወደ አቡ ጠላል ካልዞረ ሕገ ወጥ ነኝ፤ የሚጠብቀኝም ተርሒል ነው፣ ታስሮ መባረር። ፓስፖርቴ እሱ እጅ ነው። "ይህን ቢሽት ጨርሰሽ አስረክቢኝ፣ በማግስቱ ወረቀትሽን አዞራለሁ" ብሎ ምሎልኛል።

ቢሽቱ መቶ ዓመት ያለፈው የሱፍ ካባ ነው። ግራ ትከሻውን ብል በልቶት መዳፍ ያሳልፋል። ለእርስዎ ስለ ፈትል መጻፍ ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ግን ኢንጂነር ነኝና ካልተነተንኩ አይሆንልኝም። አንድ ክር መዝዤ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ነው፣ ሁለቱም ወደ ቀኝ የከረሩ ናቸው። ሽመናው ተራ ነው፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ሁለቱ ክሮች ወደ አንድ ጎን ስለከረሩ በሚሻገሩበት ቦታ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ገጥሞ ይተኛል፤ ስለዚህ ጨርቁ ቀጭን ሆኖም ጥብቅ ነው። በቁመቱ ሲስቡት ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል፤ በሰያፍ ሲስቡት የበለጠ ይለጠጣል። የካባው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው። መጠገኛው ክር ከነባሩ ጋር እኩል ካልተለጠጠና እኩል ካልተመለሰ ዋጋ የለውም። የላላ ባስገባ ይረግባል፣ ከልኩ በላይ የከረረ ባስገባ ነባሩን እየሳበ ይቀደዋል። የፋብሪካ ክር ሞከርኩ፤ ተልፈስፍሶ ቀረ።

በዚህ አገር የዚያ ዘመን ክር ከእጁ የሚወጣ የማውቀው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስድስት ልቃቂት ይበቃኛል። የመዘዝኩትን ክር ከወረቀቱ ጋር ሰፍቼዋለሁ፤ ልኩን ከእሱ ይውሰዱ። ሌላ ሰው ቢኖረኝ አላስቸግርዎትም ነበር።

በዱዓዎ አይርሱኝ፣ እኔም በጸሎቴ አልረሳዎትም።

ልጅዎ ትዕግሥት


መካ፣ ዛሂር
መስከረም 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለልጄ ለትዕግሥት፣ ለአጎቴ ለዳምጤ የልጅ ልጅ፤

አላህ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወረቀት ይሰውርሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይርጋልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን የሚጽፈው ሐሩን ነው። መነጽሬ ላይ ተቀምጬበት ተሰበረ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ስሕተት ብታገኚ ግን በእኔ አትፍረጂ፤ ልጅ ሆኖ ሲቆጥር አንድ ዓይኑ ኳስ ላይ ነበር። የስልኩን ነገር ደግሞ ተይው። ጆሮም እንደ ሰው ጡረታ ይወጣል።

ስድስቱን ልቃቂት ልኬልሻለሁ። ዘገየሁብሽ፣ ስንፍና ነው በይው። አልፎ አልፎ ጉብ ጉብ ያለበት ቦታ ብታገኚ እርጅና ነው በይው። እኔና መርፌ የተጣላን ሰዎች አይደለንም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለባሌ ተድሬ እዚህ ስመጣ የቢሽት ጠጋኞች "የሐበሻይቱን ክር" እያሉ ደጄ ላይ ይሰለፉ ነበር። ይህን ጉራ ስንቴ እንደነገርኩሽ አላውቅም፤ ብትሰለቺውም ስሚው።

እናቴ፣ የአያትሽ የዳምጤ እህት፣ ለሙስሊም ተድራ ከቤተሰቡ ስትወጣ ይዛ የወጣችው እንዝርቷን ብቻ ነው ይባላል። ፈትል ስታስተምረኝ ክሬን በምራቋ አርጥባ ታንጠለጥለው ነበር። ቀጥ ብሎ ከቀረ "ይህ ይሁን" ትላለች። ከተጠማዘዘ "ይህ ተቆጥቷል፣ ይረፍ" ብላ ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች። የማንንም ፈትል ሳትፈትን ድር ላይ አታወጣም ነበር፤ የራሷን እናት እንኳ።

ይህንን ካልኩ ይበቃኛል። አብሽሪ፣ ወረቀትሽ ይዞራል ኢንሻአላህ።

አክስትሽ ከሚሪያ


ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
መስከረም 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

እጅዎ ይባረክ! ይህን የምጽፈው በደስታ ስለሆነ ፊደሌ ቢዘል ይቅር ይበሉኝ። ክሩን ከነባሩ ጎን ሳስቀምጠው ውፍረቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ። አቡ ጠላልም አይቶ "ይህን የምትፈትል ሴት መካ ውስጥ አለች?" ብሎ አላምን አለኝ። አለች አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

እንደ እናትዎ አርጥቤ ማንጠልጠል ይገባኝ ነበር። ትምህርት ቤትም ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ የመጣ ክር ሁሉ ሳይፈተን አይገባም። ነገር ግን ከእርስዎ እጅ የወጣውን መፈተን እናትን እንደ ማስማል ሆነብኝ። በቀጥታ መርፌዬ ላይ ሰካሁት።

በሁለት ሳምንት ተኩል እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ያንሱልኝ፤ ባይሰሙኝም ግድ የለም፣ እኔ ድምፅዎን ልስማው።

ልጅዎ ትዕግሥት


ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
መስከረም 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ጉድ ሆኛለሁ።

ትከሻውን ደፍኜ ጨረስኩ። ደረቅ ሳለ አዲሱ ከነባሩ አይለይም ነበር፤ አቡ ጠላል በእጁ ዳብሶ "ማሻአላህ" አለ። የቀረው አርጥቦ ዘርግቶ ማድረቅ ነው፤ ሱፍ ካልረጠበ ቦታውን አይዝም። ትናንት እሱ ቆሞ እያየ አረጠብኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያስገባሁት ክር ሁሉ ከነባሩ በተቃራኒ ይጠማዘዝ ጀመር፤ ዳር ዳሩ ተቆለመመ፣ ትከሻው እፍኝ አክሎ ተሰበሰበ። ነባሩን ድር ጎትቶ አራት ቦታ ላይ በጠሰው። መቶ ዓመት የኖረውን ልብስ በግማሽ ሰዓት ገደልኩት።

አቡ ጠላል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ኻላስ። ያበላሸሽውን እስክትመልሺ ወረቀትም የለም፣ ፓስፖርትም የለም" ብሎ ወጣ።

ከተረፈው ልቃቂት አንድ ክር ቆርጬ በጣቶቼ መካከል አዞርኩት። ነባሩ የሚፈታበት አቅጣጫ ላይ ይህኛው ይከርራል። ስድስቱም ልቃቂት ወደ ግራ የከረረ ነው! ልኩን ልኬልዎት ነበር እኮ፤ ወረቀቱ ላይ ሰፍቼ!

ለማን ሰጥተው አስፈተሉት? ለጎረቤት? ለሠራተኛ? "አልቻልኩም፣ ሌላ ፈልጊ" ቢሉኝ ምን ነበረበት? እናትዎ እንዴት ይፈትኑ እንደነበር እየተረኩ የሰው ፈትል የእኔ ነው ብለው ይልኩልኛል? የማይገባ ነገር እየጻፍኩ እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረኝ ግን ሃያ አራት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ ይኖረኛል።

ወደ ቀኝ የከረረ ስድስት ልቃቂት ያስፈልገኛል። ማን እንደሚፈትለው ግድ የለኝም።

ትዕግሥት


ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
ጥቅምት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ከሚሪያ፤

ለደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። ለሐጅ መንገዱ መዘጋቱን፣ ሐሩንም ሐኪም ቤት ለሑጃጁ ተረኛ መሆኑን ሰምቻለሁ። ቢሆንም አሥራ አንድ ቀን በሙሉ ያ ደብዳቤ ባልተጻፈ እያልኩ ተቀምጫለሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ትናንት የተበላሸውን ክር እየመዘዝኩ ሳወጣ አንድ ነገር አየሁ። አምና የላኩልኝን የሱፍ የአንገት ልብስ ከሻንጣዬ አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እርስዎ ጠጉር ሲያልቅብዎት አዲሱን የሚቀጥሉበት የራስዎ አኳኋን አለዎት፤ ሁለት ጣት ያህል ይሳሳል፣ ከዚያ በአንዴ ይወፍራል። የአምናውም እንዲህ ነው። የዘንድሮውም እንዲህ ነው። ሌላ ሰው አልፈተለውም። እርስዎ ነዎት። ግን የአምናው ወደ ቀኝ ከርሯል፣ የዘንድሮው ወደ ግራ።

እንዝርት ፈልጌ ቁጭ አልኩ። በቀኝ እጄ፣ በቀኝ ጭኔ ላይ፣ ወደ ጉልበቴ ገፋሁት፤ ወደ ቀኝ ከረረ። በግራ እጄ፣ በግራ ጭኔ ላይ፣ ያንኑ ወደ ጉልበቴ ገፋሁት፤ ወደ ግራ ከረረ።

ከዚያ ስልኩ ትዝ አለኝ። መነጽሩ ትዝ አለኝ። የሐሩን የእጅ ጽሑፍ ትዝ አለኝ።

አክስቴ፣ ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?

ስለ ክሩ አሁን አልጠይቅዎትም። ይህንን ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ትዕግሥት


መካ፣ ዛሂር
ጥቅምት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕግሥት፤

የአላህ እዝነት አይለይሽ። ደብዳቤሽን ሐሩን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ በሁለተኛው ወረቀቱን መሃል ላይ አስቀመጠና ጨርሳ ያነበበችልኝ ሚስቱ ናት። ባለፈው ሐሙስ ባዶ እጁን የላክሁት የምለው ስላጣሁ ነው።

በረመዳን መጨረሻ፣ ለሱሑር ልነሳ ስል ቀኝ ጎኔ አልነሳ አለኝ። ጀልጣ ነው አሉ፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲረጋ የሚመጣው። እግሬ ተመለሰ። እጄ መያዝ ይችላል፣ ማንከባለል ግን እምቢ አለ። ምላሴም ከበደኝ፤ ስናገር አፌ ውስጥ ድንጋይ ያለ ይመስላል። አንቺ ስትደውይ ድምፄን እንዳትሰሚ ብዬ ልጄን አስዋሸሁት። ለአገር ቤትም አልተነገረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሰውን ስገሥጽ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ ደበቅሁ።

ጠጉሩ ሲመጣ "አልችልም" ማለት ነበረብኝ። ሐሩን በይ ብሎኝ ነበር። ግን ደብዳቤሽ "እርስዎ ብቻ ነዎት" ይላል። ልጄ፣ አንድ ወር ሙሉ ሰው ሲያጎርሰኝና ሲያጥበኝ ሰንብቶ፣ እኔን የሚፈልግ ሰው መጣ። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠጉሩን በቀኜ ይዤ እንዝርቱን በግራዬ ገፋሁት፤ እሽክርክሪቱ እንደ ድሮው ጆሮዬን ሞላውና ከመታመሜ በፊት የነበርኩትን ሆኜ ያደርኩ መሰለኝ። ወዴት እንደሚከርር አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም። ሃምሳ ዓመት ያላሰብኩትን ነገር እንዴት ላስብ? ያንቺን ክር ዓይኔ ሥር አስቀምጬ ውፍረቱን ብቻ ለካሁ። ከዚያም ስለ እናቴ ምራቅ ጻፍኩልሽ፤ እኔ ራሴ ሳላረጥብ።

አውፍ በይኝ።

አሁን ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው። በግራ እጄ ወደ ጉልበቴ መግፋቱን ትቼ ከጉልበቴ ወደ ራሴ እጎትተዋለሁ። ያኔ ወደ ቀኝ ይከርራል። ጉልበት የለውም፤ እንዝርቱ ሦስት ጊዜ ዞሮ ይወድቃል፣ አነሳዋለሁ፣ ይወድቃል። በስልሳ ስምንት ዓመቴ እንደ አዲስ ጀማሪ ክር እየበጠስኩ አለቅሳለሁ። ሁለት ልቃቂት ሆኗል፣ ልኬልሻለሁ። እያንዳንዱን አርጥቤ አንጠልጥያለሁ። አራቱን እጨምራለሁ፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን ቀን አልሰጥሽም፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም።

አንድ ነገር ይቀራል። ሐሩን "የምሕረቱ ቀን ካለፈ አባያ አልብሼ አመጣታለሁ፣ ማን ያውቃል" ይላል። እኔ የማታምኚውን በምላስሽ ተናገሪ አልልሽም፤ በዚህ ከተማ ተቀምጬም ለሚጠይቀኝ መዋሸት አልችልም። ደጄ ላይ ብትቆሚ ደግሞ አልመልስሽም። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደምሸከማቸው አላውቅም።

አክስትሽ ከሚሪያ


ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
ጥቅምት 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

እርስዎን እንደ ሰደብኩ የማወቄ ነገር ከሁሉም በላይ ይቆረቁረኛል። እግዚአብሔር ግራውንም ቀኙንም ይማርልኝ።

ያንን ሁለት ነገር አይሸከሙ። አልመጣም። በእርስዎ ቤት እንግዳ ሆኜ እንጂ ተደብቄ መግባት አልፈልግም፤ የአያቴ የዳምጤ እህት ያላፈረችበትን ቤት እኔ አላሳፍርም።

ሁለቱን ልቃቂት ሳላንጠለጥል አላስገባሁም። ቀጥ ብለው ቀሩ። የትከሻውን ሲሶ ደፈንኩበት፣ አረጠብኩት፣ ዘረጋሁት። አክስቴ፣ እኔ ራሴ የት እንደጀመርኩ ጠፋኝ። ስስበው ከነባሩ ጋር ይለጠጣል፣ ስለቀው አብሮት ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አራት ልቃቂት ቢኖረኝ ኖሮ ያልቅ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን አቡ ጠላል ሰው ልኮ ቢሽቱን ከነመርፌው ወሰደው። ፓስፖርቴን አልላከም። በማግስቱ ሱቁ ተዘግቷል። ስልኩን አንድ ጊዜ አነሳና "እኔ ዘንድ የምትሠራ ሐበሻ የለችም" አለኝ፤ ድምፄን እያወቀ።

ከዚያ ወዲህ በር አልከፈትኩም፤ ይህንንም ለሐሩን በበሩ ሥር አሾልክለታለሁ። የምንኖረው ሦስት ሴቶች ነን። ሀጅራ የምትባለው ሸዋ ሮቢቴ ትኩሳት ይዟታል፣ መድኃኒት ቤት መሄድ አልቻልንም። ታች ያለው ሱቅ ሐበሻ አላስተናግድም ብሏል። ትናንት ፖሊሶች ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ሰዎችን ሲያወርዱ በመስኮት አየሁ፤ አንዱ ሰውዬ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ነበር። የቤቱ ባለቤት እስከ ቅዳሜ ካልወጣን ራሱ እንደሚጠራቸው ነግሮናል።

አሁን የምፈልገው ኢቃማውን አይደለም። ፓስፖርቴን ብቻ ነው። ካገኘሁት በራሴ ስም፣ በበሩ በኩል እወጣለሁ። ካላገኘሁት አሻራዬን ወስደው በአንድ ገጽ ወረቀት ይሸኙኛል፣ ዳግመኛም አልገባም። አራቱ ልቃቂት ካለቁ ሐሩን ሰኞ ይምጣልኝ። ክሩን ይዤ አቡ ጠላል ደጅ ላይ ብቆም ቢሽቱን ስለሚፈልግ ፓስፖርቴን ይለውጠኝ ይሆናል። ካላለቁ ግን አይጨነቁ።

እንዳይጨነቁ እያልኩ የምጽፈው ነገር ሁሉ የሚያስጨንቅ ሆነ። ፈርቻለሁ፣ አክስቴ።

ልጅዎ ትዕግሥት


ኮምቦልቻ
ኅዳር 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከአገር ቤት ሰላም ልበልዎት። ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ሐሩን ሰኞ እንደሚመጣ እያወቅሁ ቅዳሜ እጄን ሰጠሁ። ሀጅራ መቆም አቅቷት ነበር፤ እዚያ ሐኪም አለ ስለተባለ ሁለታችን ይዘናት ወረድን። ተርሒል ውስጥ ወለል ላይ ስንት ቀን እንደተኛሁ ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት። አሻራዬን ወሰዱ። የመጣሁት አንዲት ገጽ ወረቀት ይዤ ነው፤ ሀጅራም በሕይወት ገብታለች። ሰኞ ሐሩን በሩ ተሰንጥሮ ክፍሉ ባዶ ሆኖ እንዳገኘው በስልክ ነገረኝ። አራቱን ልቃቂት ይዞ ነበር አለ።

እናቴ "ሱፍ ለብሳ ሄዳ ነጠላ ለብሳ መጣች" ብላ ከጎረቤት ጋር ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ፋብሪካ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ፤ የሥራ ማስረጃሽ የታለ አሉኝ። ያ ሁሉ ከፓስፖርቴ ጋር በአንድ ፖስታ ነበር።

አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እርስዎ በግራ እጅ ፈተሉ፤ ያልፈተንኩት ግን እኔ ነኝ። ከፋብሪካ ቢመጣ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውቀው ነበር። ከእርስዎ ስለመጣ ተውኩት፣ አከበርኩዎት መስሎኝ። እርስዎም ላለማስጨነቅ ዝም አሉኝ፣ እንደሚገባ መስሎዎት። ሁለታችንም በጨዋነታችን ተያይዘን ገደል ገባን። ከእንግዲህ ጨዋነት ይቅርብን።

ልጅዎ ትዕግሥት


መካ፣ ዛሂር
ጥር 2006

ለትዕግሥት

ይህን በግራ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢወላገድም አንብቢው።

አቡ ጠላል ባለፈው ወር ቢሽቱን ይዞ መጣ። የት እንደምኖር ከጠጋኞች ጠይቆ ነው። አንቺ የደፈንሽውን ትከሻ ሲዳብሰው እጁ ያፍር ነበር። የቀረውን ክር ሽጪልኝ አለኝ። ይህ ክር የተፈተለው ለፓስፖርት ነው አልኩት፣ በዚህ ድንጋይ ባለበት አፌ። በማግስቱ ከነፖስታው አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ቃሉን ጠበቀ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ።

አራቱን ልቃቂት ሰጠሁት። ጨርቁ ምን አጠፋ።

ፖስታውን በሰው ልኬልሻለሁ። ኢቃማው ሞቷል፣ ማስረጃሽ ግን ውስጡ አለ።

ለራሴ አንድ ክንድ ክር አስቀርቼ ነበር። በዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌዋለሁ። እጄን አትመኚው። አርጥቢና አንጠልጥይው፤ የሆነውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ከሚሪያ